የጦር መሪ ማኅተምና ፊርማ፦ ከመቅደላ እስከ ጁባ የዘለቀ የባለቤትነት ጥያቄ

ከጁባ ድልድይ ማዶ፣ በነጭ ዓባይ ምሥራቃዊ ዳር፣ ወደ ኒሙሌ በሚወስደው መንገድ ላይ ሸሪካት የሚባል ሰፈር አለ። እዚያ የሚኖር አንድ የቀድሞ ተዋጊ የአዛዡ ፊርማ ያረፈበት ወረቀት በሳጥኑ ውስጥ ቢገኝ፣ ወረቀቱ የማን ነው? የራሱ ንብረት ነው? የልጆቹ መታሰቢያ? የአዲሲቱ አገር ቤተ መዛግብት ድርሻ? ወይስ ገዢ ሲመጣ ዋጋ የሚቆረጥለት ዕቃ? በጎጃም ወይም በመንዝ ያለ የአርበኛ የልጅ ልጅም ይኸው ጥያቄ አለበት። የአፄ ኃይለ ሥላሴ ፊርማ ያለበትን ፎቶግራፍ ለጨረታ የሚያቀርብ የለንደን ነጋዴም እንዲሁ። ኢትዮጵያ ጥያቄውን ከተጋፈጠች ከመቶ ኀምሳ ዓመት በላይ ሆኗታል። ደቡብ ሱዳን ገና በመጀመር ላይ ናት።

በአውሮፓ ፊርማ መሰብሰብ የተጀመረው በጦር ሜዳ አልነበረም። በ16ኛው መቶ ዘመን የጀርመን ተማሪዎች የመምህራንና የወዳጆቻቸውን ጽሑፍ የሚያስቀምጡበት ትንሽ ደብተር ይዘው ይዞሩ ነበር። የጦር መሪ ፊርማ የሕዝብ ፍላጎት የሆነው ፎቶግራፍ ሲስፋፋ ነው። በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ዘመን የጄኔራሎች ምስል በካርድ መጠን ታትሞ ይሸጥ ነበር፤ ፊርማ ያረፈበት ደግሞ ይበልጥ ይፈለግ ነበር። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በአየር ላይ ውጊያ ሥዕሎች ሕትመት ላይ የቀድሞ የእንግሊዝና የጀርመን አብራሪዎች በእርሳስ እየፈረሙ ለሰብሳቢዎች ማቅረብ ራሱን የቻለ ንግድ ሆነ። በዚህ ልማድ ውስጥ ያለ ሰው የሚፈልገው የመሪውን የእጅ ዱካ ነው። ታላቁ ሰው ወረቀቱን ነክቶታል፣ ቀለሙ ከእጁ ወጥቷል፣ ዋጋውም ከዚያ ይመነጫል። ይህ መለኪያ ወደ ኢትዮጵያ ሰነድ ሲመጣ ግን ከመጀመሪያው ይሳሳታል።

ማኅተም ከፊርማ በፊት

የ19ኛው መቶ ዘመን የኢትዮጵያ ነገሥታትና መኳንንት ደብዳቤ በአብዛኛው ከግርጌው ፊርማ የለውም። ከራስጌው ማኅተም አለው። ቃሉን መሪው ይናገራል፣ ጸሐፊው ይጽፋል፣ ማኅተሙ ያርፋል፣ ደብዳቤው ይሄዳል። በማኅተሙ ላይ አንበሳና የንጉሡ ስም ከነማዕረጉ ይቀረጻል፤ አንዳንዱ ከግዕዙ ጎን የዐረብኛ ጽሑፍም አለው፣ ምክንያቱም ደብዳቤው ወደ ግብፅና ወደ ቀይ ባሕር ወደቦችም ይላካል። ማኅተሙ የሚመሰክረው የሥልጣንን ቃል ነው፤ ስለ እጅ የሚለው ነገር የለም። ለዚህም ነው የማኅተሙ ጠባቂ ጸሐፌ ትእዛዝ በቤተ መንግሥቱ ውስጥ ከባድ ሰው የነበረው። ነጋሪት ጋዜጣ በ1934 ዓ.ም. ከተቋቋመ በኋላም ሕጎች በንጉሠ ነገሥቱ ስም ሲወጡ የጽሕፈት ሚኒስትሩ ስም አብሮ ይታተም ነበር።

ስለዚህ የዐድዋውን ድል አድራጊ “የእጅ ፊርማ” ፍለጋ የሚወጣ ሰብሳቢ የሚያገኘው የአፄ ምኒልክን ማኅተምና ስሙ ብዙ ጊዜ የማይታወቅ የጸሐፊ እጅ ነው። እኔ ይህን እንደ ጉድለት አላየውም። እንዲህ ያለ ሰነድ ዋጋው በይዘቱ ነው፦ ለማን ተላከ፣ ምን አዘዘ፣ ከየትኛው ከተማ በየትኛው ቀን ተጻፈ። ጳውሎስ ኞኞ የምኒልክን ደብዳቤዎች ያሰባሰበው፣ ብላቴን ጌታ ማኅተመ ሥላሴ ወልደ መስቀል በ1942 ዓ.ም. በታተመው “ዝክረ ነገር” የመንግሥቱን ሥርዓትና ሰነድ የመዘገቡት፣ ስቬን ሩበንሰን ከኢትዮጵያውያን ሊቃውንት ጋር “አክታ ኤቲዮፒካ” በተባለው ተከታታይ ሥራ ከ1800 እስከ 1879 እ.ኤ.አ. ያለውን ደብዳቤና ውል ከአውሮፓና ከአካባቢው መዛግብት ለቅሞ ያሳተመው በዚሁ እምነት ነው። እነዚህ ሰዎች ሰብሳቢዎች ናቸው። ከፊርማ ሰብሳቢው የሚለዩት ያገኙትን ለማንም አንባቢ በመክፈታቸው ነው።

መቅደላ፣ ወይም ሰብሳቢው ከጦሩ ጋር ሲመጣ

የጦር መሪን ንብረት ለመታሰቢያ መሰብሰብ በኢትዮጵያ ምድር ትልቁን ምዕራፍ የጀመረው ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. ነው። አፄ ቴዎድሮስ በመቅደላ ራሳቸውን ሠዉ፣ የብሪታንያው ጄኔራል ናፒየር ጦር አምባውን ያዘ፣ ዘረፋውም ተጀመረ። የተዘረፈው በ15 ዝሆኖችና 200 በሚጠጉ በቅሎዎች ተጭኖ ወደ ደላንታ ሜዳ ወረደ፤ እዚያም ለሁለት ቀን በጨረታ ተሸጠ። ከብሪቲሽ ሙዚየም የተላከው ሪቻርድ ሆምስ ከጦሩ ጋር ነበር፤ በጨረታውም ገዛ። 350 የሚያህሉ የብራና መጻሕፍት በዚህ መንገድ ወደ ብሪታንያ ሄዱ፤ ዛሬ የሚገኙት በብሪቲሽ ላይብረሪ ነው።

እዚህ ላይ ብዙ ጊዜ ሳይነጠል የሚታለፍ ልዩነት አለ። ቴዎድሮስ በጥቅምት 1855 ዓ.ም. ለንግሥት ቪክቶሪያ የጻፉትና መልስ የተነፈገው ደብዳቤ ዛሬ ለንደን ያለው በሕጋዊ መንገድ ነው። ተልኮ ደረሰ። በብዙ አገሮች ሕግ የደብዳቤ ወረቀቱ የተቀባዩ ነው፣ በቃሉ ላይ ያለው መብት ደግሞ የጸሐፊው ወይም የወራሾቹ። ከመቅደላ ግምጃ ቤት የወጣው ማንኛውም ነገር ግን አልተላከም፣ አልተሰጠም፤ ተወሰደ። ሁለቱን “የቴዎድሮስ መታሰቢያ” በሚል አንድ ስም ጠቅልሎ መጥራት የዘረፋውን ዕቃ በደብዳቤው ንጽሕና ይሸፍናል፤ ወይም በተቃራኒው በሕጋዊ መንገድ የሄደውን ሁሉ ወንጀል ያስመስላል። የሚመለስ ነገር ሲጠየቅ ጥያቄው የሚጠነክረው ይህ መለያ ሲጠበቅ ነው።

አፄ ዮሐንስ ይህን በሚገባ ያወቁ ይመስላል። በነሐሴ 1864 ዓ.ም. ለንግሥቲቱና ለውጭ ጉዳይ ሚኒስትሯ ሲጽፉ የጠየቁት የተዘረፈውን ሁሉ አልነበረም፤ ክብረ ነገሥት የተባለውን መጽሐፍና ኩርዓተ ርእሱ የተባለውን ሥዕል በስም ለይተው ነው የጠየቁት። ክብረ ነገሥት ተመለሰ። ሥዕሉ ቀረ፤ ሆምስ ለራሱ ይዞት ነበርና።

የማኅተሙ ታሪክ ከሁሉም ይበልጥ ትኩረት ይገባዋል። ንግሥት ኤልሳቤጥ በ1957 ዓ.ም. ኢትዮጵያን ሲጎበኙ የቴዎድሮስን ቆብና ማኅተም ለአፄ ኃይለ ሥላሴ አስረከቡ። ማለትም የደብዳቤዎቹን ሁሉ ሥልጣን የሚያትመው መሣሪያ መቶ ዓመት ሊሞላው ጥቂት ሲቀረው በስጦታ መልክ ወደ አገሩ ገባ። ያኔም ዛሬም ያልተቋጨው ክርክር የአኳኋኑ ነው። “ስጦታ” ሲባል የሰጪውን ባለቤትነት መቀበል ይሆናል የሚሉ አሉ፤ ዕቃው አገሩ ከገባ የወረቀቱ ቃል ያነሰ ነገር ነው የሚሉም አሉ። እ.ኤ.አ. በ2019 የብሪታንያ የጦር ሠራዊት ሙዚየም የንጉሡን የፀጉር ቁራጮች ሲመልስ፣ በ2021 ደግሞ በዶርሴት ለጨረታ የቀረቡ የመቅደላ ዕቃዎች በሸሄራዛድ ፋውንዴሽን ተገዝተው ሲመለሱ ይኸው ክርክር አብሮ መጣ። መግዛት ያስመልሳል፤ ግን ዋጋውንም ይሰቅላል።

በየካቲት 2024 እ.ኤ.አ. በኒውካስል ጨረታ ላይ ሊሸጥ የነበረው ጋሻ ሌላ ጉዳይ ያነሳል። ጋሻው ላይ የመቅደላ ስምና የወደቀችበት ቀን በእንግሊዝኛ ተቀርጾበታል። ጽሑፉ የማራኪው ነው፤ ከመሪው ወገን የወጣ ፊደል የለበትም። ከጨረታው ተነስቶ በዚያው ዓመት ኅዳር ወር አዲስ አበባ የገባው ይህ ጋሻ ዛሬ የሁለት ወገን ሰነድ ነው፤ የኢትዮጵያዊ አንጥረኛ ሥራና የዘራፊው የራሱ ምስክርነት። ያንን ቅርጽ ሊያጠፋው የሚያስብ ሰው ቢኖር አጥብቄ እቃወመዋለሁ። ለመብት ጥያቄው ከዚያ የተሻለ ማስረጃ አይገኝም።

ባለ ፊርማው ፎቶግራፍ

በ20ኛው መቶ ዘመን ልማዱ ተለወጠ። ራስ ተፈሪ፣ በኋላም አፄ ኃይለ ሥላሴ፣ በአውሮፓ ነገሥታት ወግ ፊርማቸውን በአማርኛ ያሳረፉበትን ፎቶግራፍ በስጦታ ይሰጡ ነበር። ለአምባሳደር፣ ለመኮንን፣ ለሐኪም፣ ለአስተማሪ፣ በስደት ዘመን በእንግሊዟ ባዝ ከተማ ላገለገላቸው ሰው ጭምር። እነዚህ ፎቶግራፎች በዓለም የጨረታ ገበያ በተደጋጋሚ የሚታዩ የኢትዮጵያ መሪ ፊርማዎች ናቸው። ተቀባዩ በፈቃድ የተሰጠውን ቢሸጥ፣ ልጁም ቢሸጥ፣ ከሕግ አንጻር ብዙ የሚባል የለም።

ውስብስቡ ያለው ወደ ንጉሠ ነገሥቱ በመጣው ስጦታ ላይ ነው። በየካቲት 1937 ዓ.ም. ከፕሬዚዳንት ሩዝቬልት ጋር በስዊዝ ቦይ አካባቢ በጦር መርከብ ላይ የተገናኙት መሪ ከውጭ አገር መሪዎች የተቀበሉት ሁሉ ከ1966–67 ዓ.ም. በኋላ በመንግሥት እጅ ገባ፤ ከፊሉም የት እንደ ደረሰ አልታወቀም። የግል ስጦታ የትኛው ነበር? የመንግሥትስ? በ2015 እ.ኤ.አ. የንጉሠ ነገሥቱ ነው የተባለ የፓቴክ ፊሊፕ ሰዓት በጄኔቫ ሊሸጥ ሲል ከቤተሰቡ ወገን በተነሣ ጥያቄ ታገደ፤ ከሁለት ዓመት በኋላ ወደ 2.9 ሚሊዮን ዶላር ተሸጠ። ሰዓቱ ፊርማ የለበትም፤ የዋጋው አብዛኛው ግን የመጣው ከስሙ ነው። ቤተሰቡ፣ መንግሥትና ገበያ በአንድ ዕቃ ላይ ሲገጣጠሙ ማን እንደሚቀድም በኢትዮጵያ ግልጽ የሆነ ሕዝባዊ ውይይት ተደርጎበት አያውቅም።

የአርበኞች መታሰቢያ የተለየ መንገድ ሄደ። ከነጻነት በኋላ የአርበኝነት ሜዳይ ላይ በዱር ለቆዩበት ዓመት ዘንባባ ይጨመርላቸው ነበር፤ “ባለ አምስት ዘንባባ አርበኛ” የሚለው አነጋገር ከዚህ የመጣ ነው። በቤተሰብ እጅ በክብር የተቀመጠው ሜዳዩ ነው። ወረቀቱ፣ ማለትም አርበኞች እርስ በርስና ከካርቱም ጋር የተጻጻፉት ደብዳቤ፣ ያን ያህል አልተያዘም፤ ቢያዝም አልተመዘገበም። ለእኔ የዚህ ዳሰሳ ትልቁ ቁጭት እዚህ ላይ ነው። ሜዳይ ተመሳሳዩ ይገኛል፤ በ1931 ዓ.ም. ከአንድ የጦር መሪ ወደ ሌላው የሄደ የስንቅ፣ የጥይት ወይም የዕርቅ ደብዳቤ ግን አንድ ብቻ ነው።

በዚያው ዘመን የታተመ ማኅተምም ነበር። በ1932–33 ዓ.ም. የንጉሠ ነገሥቱ አዋጅ በአንበሳው ማኅተም አጊጦ በካርቱም እየታተመ ከአውሮፕላን ይበተን ነበር። የዘመቻው የፕሮፓጋንዳ ሰው ጆርጅ ስቲር እ.ኤ.አ. በ1942 ላሳተመው የዘመቻ ታሪክ ማኅተምን የሚያነሳ ርዕስ ነው የሰጠው። ለፊርማ ነጋዴ ይህ በማተሚያ ቤት የተባዛ ወረቀት ነው፤ ዋጋው ዝቅተኛ ነው። ለታሪክ ግን ንጉሡ እንዳልሞቱና እንደሚመለሱ የነገረ ወረቀት ነው። ገበያውና ታሪኩ ምን ያህል እንደሚራራቁ ከዚህ በላይ የሚያሳይ ነገር አላውቅም።

ዛሬ በአዲስ አበባ ከፊርማ መሰብሰብ ጋር የሚቀራረበው ነገር ባለ ፊርማ መጽሐፍ ነው። የደርግ ዘመን ሰዎች ትዝታቸውን ማሳተም ሲጀምሩ፣ የፍቅረ ሥላሴ ወግደረስ “እኛና አብዮቱ”ም ሆነ የፍሥሐ ደስታ “አብዮቱና ትዝታዬ” ሲወጡ፣ ደራሲው “ማስታወሻነቱ ለ…” ብሎ የፈረመበትን ቅጂ መያዝ ለአንዳንዱ አንባቢ ራሱን የቻለ ነገር ሆነ። እዚህ ፊርማው ከይዘቱ አይነጠልም፤ የጦርነቱ ዘመን መሪ ስለ ሠራው የሚሰጠው ቃል ላይ ነው ያረፈው።

እውነተኛውን ከሐሰተኛው መለየት

የምዕራቡ ገበያ ትልቁ ሕመም ሐሰተኛ ፊርማ ነው። በሚያዝያ 1983 እ.ኤ.አ. “ሽቴርን” የተባለው የጀርመን መጽሔት ከ9 ሚሊዮን ማርክ በላይ ከፍሎበት “የሂትለር ማስታወሻ” ብሎ ያወጣው ጽሑፍ የኮንራድ ኩያው ሥራ ሆኖ ተገኘ። ኩያው አስቀድሞም የናዚ መታሰቢያ ዕቃ እየፈበረከ ለሰብሳቢዎች የሚሸጥ ሰው ነበር። አንዳንዶቹ መርማሪዎች የተታለሉት ጽሑፉን የሚያወዳድሩበት ናሙና ራሱ ከኩያው እጅ የወጣ ስለነበረ ነው። ትምህርቱ ከባድ ነው። ገበያው በሐሰት ከተሞላ መለኪያውም ሐሰት ይሆናል።

የኢትዮጵያ ሰነድ የራሱ መፈተኛዎች አሉት። ማኅተም ከማዕረግ ጋር ይለወጣል፤ ምኒልክ የሸዋ ንጉሥ ሳሉና ከ1882 ዓ.ም. ዘውድ በኋላ ስማቸው በአንድ ዓይነት አይቀረጽም። ደብዳቤው የተጻፈበት ከተማ በግርጌው ይነገራል፤ አዲስ አበባ ከመቆርቆሯ በፊት “በአዲስ አበባ ከተማ ተጻፈ” የሚል ወረቀት ራሱን ያጋልጣል። የሰላምታው ሥርዓት፣ የጸሐፊው የፊደል አጣጣል፣ የዓመቱ አቆጣጠር፣ የወረቀቱ የውኃ ምልክት ሁሉም ይናገራሉ። እነዚህን በአንድነት የሚያነብ ሰው ግን የቀለም ባለሙያ ብቻ መሆኑ አይበቃውም፤ ታሪኩን፣ ማዕረጉንና የደብዳቤ ወጉን ማወቅ አለበት።

ከዚህ ሁሉ የሚከብደው የእውነተኛ ማኅተም ጥያቄ ነው። አፄ ምኒልክ በ1902 ዓ.ም. በጽኑ ከታመሙ በኋላ እስከ ታኅሣሥ 1906 ዓ.ም. ድረስ ኖሩ፤ ሥልጣኑ ግን መጀመሪያ በእቴጌ ጣይቱ፣ ከዚያ በራስ ቢትወደድ ተሰማ፣ ከዚያም በልጅ ኢያሱ እጅ ነበር። በእነዚያ ዓመታት በንጉሡ ስም የወጣ ወረቀት ማኅተሙ ሐሰት ላይሆን ይችላል፤ የንጉሡ ፈቃድ መሆኑ ግን ለብቻው መጠየቅ አለበት። ፊርማ ሊጭበረበር ይችላል፤ ማኅተም ደግሞ ሳይጭበረበርም ባለቤቱን ሊተው ይችላል። ለዚህ የሰነድ ዓይነት “ኦሪጅናል” የሚለው ፍርድ የመጨረሻ ቃል የማይሆነው በዚህ ምክንያት ነው።

የገዳይ ፊርማ

ስለ ጦር መሪ መታሰቢያ ሲወራ ብዙ ጊዜ የሚታሰበው ጀግናው ነው። ሮዶልፎ ግራዚያኒም የጦር መሪ ነበር። በጣሊያን የወታደራዊ ዕቃ ገበያ የእርሱና የባዶሊዮ ፊርማ ያለባቸው ፎቶግራፎችና ደብዳቤዎች ይሸጣሉ። በ2012 እ.ኤ.አ. ከሮማ ባልራቀችው አፊሌ ለግራዚያኒ መታሰቢያ ሲቆምለት በኢትዮጵያም በጣሊያንም የተነሣው ቁጣ ስሙ ዛሬም ቁስል መሆኑን አሳይቷል።

የየካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. ጭፍጨፋ ሰው ስም ያለበት ወረቀት ሁለት ፍጹም የተለያየ ዕጣ ሊኖረው ይችላል። የኢትዮጵያ መንግሥት በ1949 እና በ1950 እ.ኤ.አ. ለተባበሩት መንግሥታት የጦር ወንጀል ኮሚሽን ያቀረበውን የጣሊያን የጦር ወንጀሎች ሰነድ በሁለት ቅጽ ሲያሳትም፣ ከማስረጃዎቹ ዋነኞቹ የግራዚያኒ የራሱ ቴሌግራሞችና የመሪዎቹ ትእዛዞች ነበሩ። እዚያ ላይ ስሙ ወንጀለኛውን ያስራል። በሰብሳቢ ግድግዳ ላይ የተሰቀለው ባለ ፊርማ ምስሉ ግን የሚመሰክረው ነገር የለም፤ አድናቆትን ብቻ ነው የሚያገለግለው።

በዚህ ላይ ሦስት አመለካከቶች ይፋጫሉ። አንደኛው ንግዱ ይታገድ ይላል። በ2000 እ.ኤ.አ. የፈረንሳይ ፍርድ ቤት ያሁ የናዚ ዕቃዎችን ጨረታ ለፈረንሳይ ተጠቃሚዎች እንዲዘጋ ማዘዙና በቀጣዩ ዓመት ያሁም ኢቤይም ንግዱን መገደባቸው ለዚህ ወገን ምሳሌ ነው። ሁለተኛው እገዳ ዕቃውን ወደ ጨለማ ገበያ ይገፋዋል፣ ከዚያ ወዲያ ተመራማሪ አያየውም ይላል። ሦስተኛው ደግሞ ሁሉም በሙዚየም ውስጥ ከማብራሪያ ጋር ይቀመጥ ባይ ነው። እኔ በሰነዱ ዓይነት መለየት ይሻላል እላለሁ። የግድያ፣ የማፈናቀል ወይም የመርዝ ጋዝ ትእዛዝ ሊሸጥ አይገባውም፤ ምስሉ ለሁሉም ተከፍቶ ዋናው በቤተ መዛግብት ይቀመጥ። የፎቶግራፉን ጉዳይ ለሰብሳቢው ሕሊና ብተወው የሚጎድልብን ታሪክ የለም።

ይህ የሩቅ ነገር አይደለም። በ1984 ዓ.ም. የተቋቋመው ልዩ ዐቃቤ ሕግ በደርግ ባለ ሥልጣናት ላይ ክሱን የገነባው በከፊል ደርግ ራሱ ባስቀመጣቸው ሰነዶች ነው። ኮሎኔል መንግሥቱ ኃይለ ማርያም በሌሉበት በታኅሣሥ 1999 ዓ.ም. በዘር ማጥፋት ጥፋተኛ ተባሉ። በ1983 ዓ.ም. ግርግር እነዚያ ወረቀቶች በመታሰቢያ ፈላጊዎች ተበትነው ቢሆን ኖሮ ፍርዱ ምን ላይ ይቆም ነበር? በ2002 ዓ.ም. በመስቀል አደባባይ የተከፈተው የቀይ ሽብር ሰማዕታት መታሰቢያ ሙዚየምም ዋና ቁም ነገሩ ይኸው ነው፤ ወረቀቱ ከሟቾቹ ፎቶግራፍ ጋር በአንድ ጣሪያ ሥር አለ።

ሕጉ የሚለውና የማይለው

የኢትዮጵያ የቅርስ ሕግ ዕድሜው አጭር ነው። በ1966 እ.ኤ.አ. የወጣው አዋጅ ቁጥር 229 ጥንታዊ ቅርስ ብሎ የሚያውቀው ከ1850 ዓ.ም. በፊት የተሠራውን ነበር። ይህ ወሰን የቴዎድሮስን ዘመን ከመካከሉ ይቆርጠዋል፤ የዮሐንስን፣ የምኒልክንና የአርበኞችን ወረቀት ደግሞ ሙሉ በሙሉ ውጭ ያስቀረዋል። በኋላ የወጣው አዋጅ ቁጥር 209/1992 የቅርስን ትርጉም አስፍቶታል። ግለሰብ ቅርስ ሊኖረው እንደሚችል ይቀበላል፤ የመጠበቅና የማስመዝገብ ግዴታ ይጥልበታል፤ ያለ ፈቃድ ከአገር ማውጣትን ይከለክላል። አዋጅ ቁጥር 179/1991 ደግሞ በ1936 ዓ.ም. ለተመሠረተው ወመዘክር የብሔራዊ ቤተ መዛግብትነትን ሥራ በሕግ ሰጥቶታል።

ችግሩ ከሕጉ ቃል ይልቅ ሰዎች ሕጉን የሚያዩበት ዓይን ነው። ወረቀት የያዘ ቤተሰብ “ካስመዘገብሁ ይወስዱብኛል” ብሎ ይሰጋል፤ ስጋቱም መሠረት የለውም ማለት አይቻልም፣ መንግሥት በ1967 ዓ.ም. ንብረት መውረሱ በብዙ ቤት ትዝታ ውስጥ አለና። ስለዚህ ይደብቀዋል። የተደበቀ ወረቀት ደግሞ ምስጥ፣ እሳትና ወራሽ የሚያባክነው ወረቀት ነው። “መንግሥት ይሰብስበው” የሚሉት ወገኖች በመርሕ ደረጃ ልክ ናቸው። “ግለሰብ ባይጠብቀው ኖሮ ዛሬ አይኖርም ነበር” የሚሉትም ማስረጃ አላቸው። ሁለቱን ሊያገናኝ የሚችለው አሠራር ባለቤትነትንና ይዘትን መነጠል ይመስለኛል። ወረቀቱ በቤተሰቡ እጅ ይቆይ፤ ምስሉና የመጣበት ታሪክ ግን በወመዘክር ወይም በኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ይመዝገብ። ሰብሳቢውን እንደ ሌባ ማየት ለዘራፊው ይበጃል እንጂ ለታሪክ አይበጅም። በአንጻሩም ዕቃው ከየት እንደመጣ ለመናገር እንቢ የሚል ሰብሳቢ የባለቤትነት ክብር ሊጠይቅ አይገባውም።

ጁባና አዲስ አበባ

ደቡብ ሱዳን ይህን ጥያቄ የምታነሣው ከባድ ሁኔታ ላይ ሆና ነው። የደቡቡ የአስተዳደር ሰነዶች በጁባ ለዓመታት በድንኳን ሥር ተከማችተው ከቆዩ በኋላ ነው በሪፍት ቫሊ ኢንስቲትዩት እገዛ መለየትና በዲጂታል መቅዳት የተጀመረው። ያ ክምችት ግን በዋናነት የመንግሥት ቢሮ ወረቀት ነው። የተዋጊዎቹ ወረቀት ሌላ ታሪክ አለው። የደቡቡ አማፂ ጦር ኤስ.ፒ.ኤል.ኤ. በ1983 እ.ኤ.አ. ከቦር ዐመፅ በኋላ የተደራጀው በኢትዮጵያ ምድር ነበር፤ ሬዲዮውም ከኢትዮጵያ ይተላለፍ ነበር። በግንቦት 1983 ዓ.ም. ደርግ ሲወድቅ የጋምቤላ ሰፈሮቹን በጥድፊያ ለቅቆ ወጣ። በእንዲህ ያለ ሽሽት ሰው የሚያስቀድመው ነፍሱን እንጂ ፋይሉን አይደለም። መሪው ጆን ጋራንግ በሐምሌ 2005 እ.ኤ.አ. በሄሊኮፕተር አደጋ ከሞቱ ወዲህ እጃቸው ያረፈበት ወረቀት ሁሉ ሌላ ክብደት አግኝቷል፤ ሐሰተኛው የሚመጣውም እንዲህ ባለው ጊዜ ነው።

ከደቡብ ሱዳን የጦር መሪዎች ፊርማ ወሳኞቹ ደግሞ በርካታዎቹ የተፈረሙት ከአገራቸው ውጭ ነው። የ1972 እ.ኤ.አ. የአዲስ አበባ ስምምነት በየካቲት በተወካዮች ተፈርሞ በመጋቢት የደቡቡ ተዋጊዎች መሪ ጆሴፍ ላጉ ባሉበት እዚያው አዲስ አበባ ጸደቀ። የ2005ቱ ናይሮቢ ላይ ተፈረመ። የነሐሴ 2015 እ.ኤ.አ. ስምምነት ታሪክ ለዚህ ዳሰሳ ልዩ ነው። የአማፂያኑ መሪ ሪክ ማቻር በነሐሴ 17 አዲስ አበባ ላይ ፈረሙ፤ ፕሬዚዳንት ሳልቫ ኪር ከዘጠኝ ቀን በኋላ ጁባ ላይ ሲፈርሙ የማይስማሙባቸውን ነጥቦች የዘረዘረ ወረቀት አያይዘው ነው። ፊርማውን ብቻ ቆርጦ የሚይዝ ሰብሳቢ ስምምነት ያያል። የተያያዘውን ወረቀት የሚያነብ ሰው በሚቀጥለው ዓመት ጁባ ውስጥ ለምን ጦርነት እንደገና እንደ ፈነዳ መረዳት ይጀምራል። የመስከረም 2018ቱም አዲስ አበባ ላይ ነው የተፈረመው።

ኢትዮጵያም በቅርቡ በዚያው መንገድ አልፋለች። የሰሜኑ ጦርነት ግጭት የማቆም ስምምነት በጥቅምት 2015 ዓ.ም. በፕሪቶሪያ በፖለቲካ ተወካዮች ተፈረመ፤ ከቀናት በኋላ ናይሮቢ ላይ የአፈጻጸሙን ሰነድ የፈረሙት የጦር አዛዦቹ ራሳቸው፣ ፊልድ ማርሻል ብርሃኑ ጁላና ጄኔራል ታደሰ ወረደ ነበሩ። የእነዚህ ስምምነቶች የመጨረሻ ቅጂ በአደራዳሪዎቹ ድርጅቶች ተይዟል፤ አይጠፋም። አስጊው በድርድሩ ክፍል ውስጥ የቀረው ወረቀት ነው። በኅዳጉ ላይ በእጅ ተጽፎ የተሰረዘው፣ አንዱ ወገን ያቀረበውና ሌላው ያልተቀበለው ረቂቅ በአባላቱ ሻንጣ ገብቶ ወደየቤታቸው ሄዷል። ከ1972ቱ ተደራዳሪዎች ብዙዎቹ ዛሬ በሕይወት የሉም፤ ረቂቆቻቸው በማን እጅ እንዳሉ የሚጠይቅ አካልም በአዲስ አበባም በጁባም አልተሰየመም። ወመዘክርና የደቡብ ሱዳን ቤተ መዛግብት ቅጂ የሚለዋወጡበት ውል ቢኖራቸው ሥራው ከእነዚያ ተደራዳሪዎች ቤተሰብ በር መጀመር ነበረበት፤ በሕይወት ያሉት የ2005፣ የ2015ና የ2018 እ.ኤ.አ. ተደራዳሪዎች ደግሞ አሁኑኑ ሊጠየቁ ይችላሉ።